አልነሳ ያለው ላንድሮቨር

ሚስተር ዮሃንን በፊት «እሳቸው» ነበር የምለው። አሁን «እሱ» ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይበዛበታል።

ሆሳዕና ዳር ያለውን ክሊኒክ ያቆሙት ወንጌል ይዘው የመጡ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱ አለቃ ሚስተር ዮሃን፣ የእሱ ሾፌር ደግሞ ባሌ ጠና ነበር። አንዲት አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበረቻቸው። ጠና በእሷ ከቦኖሻ ምጥ የያዛትን፣ ከሾኔ እባብ የነደፈውን፣ ከሙዱላ ወባ የጣለውን ሲያመላልስ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። ክረምት ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ አድሮ ጠዋት አፈር መስሎ ሲመጣ፣ «አንተ ሰው፣ እኔን ትተህ እሷን ብታገባ ይሻልህ ነበር» እለዋለሁ።

«እሷ መች እንዳንቺ ትነዘንዛለች!» ይለኛል፣ እየሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር።

ቀን ቀን የሚነዳው ጠና ቢሆንም፣ ማታ መኪናዋን ግቢ የሚያስገባውና ጠዋት አስነስቶ የሚያወጣው ሚስተር ዮሃን ራሱ ነው። ማታ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ቶሎ አይወርድም። ግንባሩ መሪውን እስኪነካ ድፍት ይልና ጥቂት ቆይቶ ቀና ይላል። ጠዋትም እንደዚያው ድፍት ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። እኛ ምን አልን? ይጸልያል አልን። ሌላ ምን እንበል? የእግዚአብሔር ሰው ነው፣ መንገዱ ገደል ነው፣ ይጸልያላ!

ጠና ይህን ሲያይ እንዴት ልቡ እንደተነካ! ከዚያ ወዲያ እሱም መሪው ላይ ድፍት ሳይል ሞተር አያስነሳም። የጸሎት ቤታችን ወንጌላዊ ወልደየሱስ ሳይቀሩ ጉባኤ ላይ አንስተው አመሰገኑት። እኔም ባሌ ሲመሰገን ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አይ ሞኝነት!

ደርግ የውጭ ሰዎቹን ውጡ አላቸው። ሚስተር ዮሃን የመጨረሻ ቀን መኪናዋን እንደ ልማዱ አስገባ፣ ድፍት ብሎ ቀና አለ፣ ወርዶም ቁልፉን ለንብረት ተረካቢው ኮሚቴ አስረከበ። ከዚያ ጠናን አቀፈውና «ወንድሜ» ብሎ አለቀሰ። ጠናም ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስኩ። ያንን እንባዬን ዛሬ መልሱልኝ ብል ማን ይመልስልኛል?

በማግስቱ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ወንዳፈረው፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ፣ ስብሰባ ውሰደኝ ብሎ መጣ። ጠና ጸለየና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም። ደግሞ አዞረ፤ እንቢ። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን አየ፣ ቤንዚኑን አየ፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቶ ጠረገ። ሁሉም ደህና ነው፤ ግን ካንዴላው ጋ ብልጭታ አይደርስም።

«ትናንት ሮጣ የገባች መኪና ዛሬ ምን ነካት?» አለው ጓድ ወንዳፈረው።

«አላወቅኩም፣ ጓድ።»

«እስከ ነገ ማታ ታስነሳታለህ። ካላስነሳህ የአብዮቱን ንብረት ያበላሸህ አሻጥረኛ ነህ። አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ አንተም ታውቃለህ።»

እንዴት አናውቅም! እስር ቤት ለባሏ ስንቅ ይዛ ሄዳ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብላ የተመለሰች ጎረቤት አለችኝ። እንጀራዋን እንደታቀፈች ነው መንገድ ላይ የወደቀችው። ያን ሌሊት ጠና አጠገቤ ተጋድሞ ጣሪያውን ሲያይ አደረ፤ እኔም እሱን ሳይ አደርኩ።

በነጋታው ቆጮ በጎመን ቋጥሬ ሄድኩ። የክሊኒኩ ዘበኛ አስገባኝ። ጠና ክንዱ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ ሽቦ እየተከተለ ያያል።

«ብላ» አልኩት።

«አይወርድልኝም።»

«እንግዲያው ጸልይ!»

«ጸልዬ ጸልዬ ደከመኝ፣ ትርፊት» አለኝ። ቢሆንም ገባና መሪው ላይ ድፍት አለ። እንዲያ እንዳለ ቆየና፣ አንገቱን ሳያቀና «ሲጸልይ እጁ የት ነበር?» አለኝ።

«የማን እጅ?»

«የሚስተር ዮሃን። ግራ እጁ መሪው ላይ ነው። ቀኙስ?»

እኔ ምኑን አውቄ! ጠና ቀኝ እጁን ከመሪው ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ቆርቆሮ ጀርባ ወደ ላይ ሰደደ። አይደርስም። ግንባሩን መሪው ላይ ሲደፋ ጊዜ ግን ደረሰ። ለካ ድፍት ካላሉ እጅ የማይደርስበት ቦታ ኖሯል! ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ ባንዴ ተነሳች።

እልል ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። አመድ መስሏል።

«ባቄላ የምታክል ማብሪያ ናት» አለኝ። «እሷን ካላበሩ መኪናዋ አትነሳም። ማታ ማታ ያጠፋታል፣ ጠዋት ያበራታል። አልጸለየም፣ ትርፊት። አንድም ቀን አልጸለየም።»

«ለሌባ ብሎ ይሆናላ» አልኩ፣ ላጽናናው።

«ለሌባማ ከሆነ ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

የመጨረሻውን ቀን ሲያጠፋት ከልማድ ይሁን ሆን ብሎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢሆንስ? ያን ሁሉ ዓመት ማታና ጠዋት ባሌን አጠገቡ አቁሞ ነው ያታለለው።

ጓድ ወንዳፈረው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ጎበዝ!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «ምን ሆና ነበር?»

ጠና መዋሸት መች ያውቅና! አሳየው። ሰውዬው አጎንብሶ ማብሪያዋን ነካት፤ ሞተሩ ጠፋ። ቀና ሲል ሳቁ ፊቱ ላይ የለም።

«ይህችን ዛሬ ነው ያወቅካት?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ከአሥር ዓመት በላይ ነድተህ?»

«አልነገረኝም።»

«ወንድሜ ብሎ አንገትህ ላይ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ላንተ ያልነገረ ለማን ሊነግር ነው? ትናንት ደብቀህ ዛሬ ስትፈራ አወጣህ፤ በቃ።»

ባያገኛት አሻጥረኛ ነው፤ አገኛት፣ ይኸው አሻጥረኛ ሆነ። ከነግራሶው ወሰዱት። ቆጮው እንደተቋጠረ እጄ ላይ ቀረ።

እስር ቤት «ፈረንጁ ደብቅ ብሎ አዞኛል በልና ውጣ» አሉት። «አልነገረኝም» አለ። ውስጥ እግሩን ገረፉት። «አልነገረኝም።» ስንቅ ሳደርስ በአጥሩ በኩል ለመንኩት፤ «ነገረኝ በላቸው አንተ ሰው! ውሸት ቢሆንስ ማንን ይጎዳል? እሱ እንደሆነ አገሩ ገብቶ ተኝቷል!»

«እንዴት ነገረኝ ልበል፣ ትርፊት? ባይነግረኝ አይደል ሆዴ የሚቃጠለው» አለኝ።

ሦስት ክረምት አለፈ። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ምጥ የያዛት እንደ ድሮው በቃሬዛ ትመጣ ጀመር። ላንድሮቨሯ ጓድ ወንዳፈረውን ይዛ በደጄ ትመላለሳለች። ስታልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ጠና ሲፈታ እያነከሰ ገባ። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ስለነበር ምዕመናን በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት። አንድ ምሽት ወንጌላዊ ወልደየሱስ ሌሎችን አስከትለው እኛ ቤት መጡ። መስኮቱን ዘጋን። ወንጌላዊው የጠናን እጅ ያዙ።

«ሚስተር ዮሃን አምኖ ምስጢሩን ላንተ ሰጠ። አንተም በዱላ እንኳ አሳልፈህ አልሰጠኸውም። ቤተክርስቲያን ይህን አትረሳም» አሉት።

«ወንጌላዊ፣ ምስጢር አልሰጠኝም» አለ ጠና። «አላመነኝም። የደበቃት ከእኔም ነው።»

«አይዞህ፣ ወንድም ጠና፣ እዚህ ካድሬ የለም። ከእኛ እንኳ አትደብቅ።»

«እውነቱን እኮ ነው የሚነግራችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ገረፉት አላመኑትም፤ እናንተስ?»

«እህት ትርፊት፣ ቀስ በይ፣ ውጭ ይሰማል» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። «የባልሽን ትሕትና እናውቃለን።»

ሁሉም ለጸሎት ተነሱ፤ ጠና ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እግሩን አሞት ነው ብለው ዝም አሉት። ወንጌላዊው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑና፣ «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህ ዮሃን ልቡን የሚያካፍለው እንደ ጠና ያለ ወዳጅ ስለሰጠኸው ተመስገን» አሉ።

ቤቱ ሞልቶ አሜን አለ። እኔና ጠና ብቻ አላልንም።