አባቴን የነፋሁበት ወንፊት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የደምሴ ልጅ ከጣሊያን አገር መጥታ አንዲት የእንጨት ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አክስቴ፣ አባቴ ነው» አለችኝ።

መሞቱን ከሰማሁ ወር አልፏል፤ አልቅሼ ወጥቶልኛል ብዬም ነበር። መቃጠሉን ግን የነገረኝ የለም። «እንዴት ነው ነገሩ? ወንድሜን እንደ ኩበት አነደዳችሁት?» ብዬ ጮህኩባት። እሷስ ምን ታድርግ! ደምሴ እዚያ ትዳር ከያዘ ጀምሮ ካቶሊክ ሆኖ ነበር። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን መቀበሩን ብትመርጥም ማቃጠሉን አትከለክልም አለችኝ። አመዱን መበተን ግን ነውር ነው፤ እንደ ዕቃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም አይቻልም፤ በተቀደሰ ቦታ ማረፍ አለበት።

«ታዲያ እዚያው አታሳርፉትም ነበር?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ‹ሬሳዬን በአውሮፕላን አታንገላቱ፤ አመዴን ለእህቴ ስጧት፤ እሷ ታውቃለች› አለ።»

እሷ ታውቃለች። አይ ደምሴ! ይህችን ቃል ለማውጣት ዕድሜውን ሙሉ ፈጀ።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት ማዶ ነው። ወሩ የካቲት፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎታ ገብቷል፤ የደረቀው ነፋስ አቧራውን እያነሣ ዓይን ያጠፋል። እኔና ደምሴ ገበያ ውለን ስንመለስ ከሩቅ ጢስ አየን። እሳቱ ከምድጃ ተነሥቶ የሣር ጣራውን ይዞታል። አባዬ ጋቢውን ደጅ ላይ ጥሎ በሬውን ከጋጡ ሊፈታ ገባ። በሬው ወጣ። ጣራው ተደረመሰና አባዬ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ጎታው ውስጥ የነበረው ገብስ ሁሉ ተቆልቶ፣ አገሩ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምራቄ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ቤት ቆሎ ሲያቀርቡልኝ «ጥርሴን ያመኛል» እላለሁ። ጥርሴ ደኅና ነው።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ተመካከሩ። ሣሩ፣ ማገሩ፣ ገብሱ፣ አባዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ አመድ ሆኗል። «እዚሁ ድንጋይ ይከመርበት፤ ቤቱ መቃብሩ ይሁን። ጋቢውን ዘርግተን እናለቅሳለን» አሉ። ክፋት አይደለም፤ ሬሳው ለጠፋ ሰው እንዲያ ይደረጋል። አባዬ ግን በእናቴ ተዝካር ቀን «እኔንም ከጎኗ አድርጉኝ፤ አደራ!» ብሎኛል። እናቴ የተቀበረችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ነው። ጎኗ ባዶውን ይጠብቃል።

«አባቴ ማርያም ነው የሚቀበር» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ደምሴ። «አመድ ይደፋል እንጂ ምን ይቀበራል? ሰው ፊት አታሳፍሪን!»

በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አሁን ሳስበው ፈርቶ ነው፤ ያንን አመድ መንካት ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ ግን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ ነበር።

የእኛ ወንፊት ተቃጥሏልና ጎረቤታችን እማማ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደፈለግሁት ነገርኳቸው። ያ ወንፊት ከዚያ ወዲያ ዱቄት አይነፋበትማ! እሳቸው ግን ወንፊቱንም ሰፌዱንም አወጡና «እንኪ ልጄ፣ አትመልሽልኝ» አሉኝ።

ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። አባዬ የእሾህ መንቀያ ወረንጦውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ጋጡ በነበረበት በኩል አመዱን ስዳብስ ብረት እጄን ነካኝ፤ ወረንጦዋ ናት። «አንገቱ እዚህ ነው» አልኩና ከዚያ ጀመርኩ። ወንፊቱ አመዱን ያወርዳል፤ ገብሱና አጥንቱ ይቀራል። የቀረውን ሰፌድ ላይ አድርጌ አበጥራለሁ። የከሰለ ገብስ ቀላል ነው፤ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ነጩን በጣቴ እየለቀምኩ ነጠላዬ ላይ አኖራለሁ። ማበጠር ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ሥራ ነው፤ ልቤ ቢፈራም እጄ አልፈራም።

ሰዉ መጀመሪያ «አበደች» አለ። ቀትር ላይ ግን ንፍሮ አመጡልኝና በጠቆረው እጄ እየዘገንኩ በላሁ። እማማ የሺ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ይለቅሙ ጀመር። ደምሴ ወይራው ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁለት እፍኝ ሞላልኝ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ «እሳት የበላው የቁጣ ሞት ነው» ይላል፤ ሌላው «ለሁለት እፍኝ አጥንት ፍትሐት ይደረጋል ወይ?» ይላል። ለልቅሶ የመጡት የደብሩ አለቃ አባ ወልዴ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩና ተቆጡ።

«እሳት ሥጋን ይበላል፤ ጥምቀቱን ምን አባቱ አግኝቶ ይበላዋል? ፍትሐቱ አይቀርበትም» አሉ። ወደ ቆፋሪዎቹም ዞረው «መቃብሩ የሙሉ ሰው ይሁን። አጥንቱን እያያችሁ እንዳታሳንሱት!» አሏቸው።

ይህን ጊዜ ደምሴ ከወይራው ሥር ተነሥቶ መጣና «እኔ ልያዘው» አለኝ። ሰጠሁት። ዳገቱን ግማሽ እንደወጣን ቆመና «እንዴት ይቀላል!» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አላባበልኩትም። እልኬ ገና አልወጣልኝም ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ከትናንት በስቲያ ሣጥኗን ታቅፌ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። አባ ወልዴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ የአሁኑ ቄስ ልጄ የሚሆኑ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ሣጥኗን አይተው ተጨነቁ።

«እናቴ፣ አባትዎ በአደጋ ነው የተቃጠሉ። ይህ ግን ወዶ ነው። የእኛ ሥርዓት ሬሳ ይቃጠል አይልም፤ ደግሞም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ነው የሞተው» አሉኝ።

አላጠፉም። እኔም ብሆን ለደምሴ አልፈርድለትም፤ ጌታችን ተገንዞ ተቀበረ እንጂ አልተቃጠለም። እኔን የሚያቃጥል ሰው ቢኖር ከሣጥኔ ተነሥቼ አንቀዋለሁ። ግን እንዲህ አልኳቸው፦ «ተቃጥሎ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሳይቀበር ከቀረ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ የሰው አደራ በልቼ አላውቅም።»

«አለቆቼን ልጠይቅ» አሉኝ።

«ይጠይቁ፣ እኔም እመላለሳለሁ» አልኳቸው።

ሰው ሲመርቅ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚያ አመድ መሐል ቁጭ ብዬ ነው። ሰው ሁሉን ለራሱ ሊሠራ ይችላል፤ ራሱን ግን አይቀብርም። «አመድ ይደፋል» ያለኝ ደምሴ በመጨረሻው ሰዓት አመዱን የማትደፋ አንዲት ሰው ፈለገና እኔን አገኘ። ታዲያ አሁንማ እሱን ማባበል ነው የቀረኝ።

ነገ በጠዋት ሣጥኗን ይዤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አባዬን ለይቼ እስካወጣ ቀኑን ሙሉ ከአመድ ላይ አልተነሣሁም፤ ዛሬ ደግሞ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ምን ያስቸኩለኛል? ትናንት ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ገብስ የለበት፣ ከሰል የለበት። ደምሴ ተነፍቶ ነው የመጣልኝ። የቀረው መቃብሩ ነው፤ እሱም የሙሉ ሰው ይሆናል።