ሰባት ዓመት የዞርነው መንገድ

አባቴ ማርቆስ ለቅዳሴ ሲወስደን፣ በእትዬ አሰገደች አጥር ሥር የሚያልፈውን አቋራጭ ትቶ በዳገቱ ያዞረን ነበር። እትዬ አሰገደች ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። «ምነው በእኔ በኩል አታልፉም?» ስትለው «ጭቃ ነው» ይላታል። አገራችን ዶዮገና ዝናብ አታጣም፤ በጥርም ጭቃ ነው ሲል ግን እናቴ ከንፈሯን ትመጣለች። እኔ ደግሞ ዳገቱን በሆዴ እየረገምኩ እከተላለሁ።

መሬት ለአራሹ ታውጆ ማሳ ሲከፋፈል፣ የገበሬ ማኅበራችን መሬት ለኪ አባቴ ነበር። ከእንሰት ቃጫ የገመደው ሃያ ክንድ ገመድ ነበረው። «ማርቆስ የለካው አይደገምም» ይባል ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣሉና ስብሰባ ተጠራ። እትዬ አሰገደች ተነስታ፣ «ምን ያጨቃጭቃል? ማርቆስ ይለካው። የሱ ገመድ አይዋሽም» አለች።

አባቴ ቆመ።

«የእትዬ አሰገደችን ማሳ የለካሁ ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ቃጫ ሲርስ ያጥራል። ቤት ወስጄ ሳደርቀው አንድ ክንድ ሙሉ ረዘመ። ከሷ የጎደለው መሬት የገባው ወደኔ ነው። አውቄ ዝም አልኩ።»

ሊቀመንበሩ ብዙነህ ነገሩን ሊያቀልለት ፈልጎ፣ «ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ተቀመጥ» አለው።

«ገመድ አፍ የለውም» አለ አባቴ። «እኔ ግን ነበረኝ።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

በማግስቱ በደረቅ ገመድ ተለካና ሦስት ረድፍ እንሰት ወደ እሷ አለፈ። ፍግ ተሸክማ ያሳደገችው እናቴ ናት፤ ተፍቆ ቆጮ ለመሆን የደረሰው ገና በዚያ ዓመት ነበር። አኩርፋ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈረድኩላት። እሱ ግን ጠግቦ ይበላ፣ እንደ ሕፃን ይተኛ ጀመር። ሰው ጥፋቱን ሲናዘዝ እግዜር መጀመሪያ የሚመልስለት እንቅልፉን ነው መሰለኝ።

ከዚያ እትዬ አሰገደች እቤታችን መጣች። እናቴን፣ «መሬቴን ተቀብያለሁ። እንሰቱን ያሳደግሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ነይ አብረን እንፋቀውና እንካፈል» አለቻት። ሁለቱ ሲፍቁ ዋሉ። እናቴ ስትመለስ አባቴን «ብላ እንጂ» አለችው።

በሚቀጥለው እሁድ ለቅዳሴ ስንወጣ አባቴ ወደ አቋራጩ ታጠፈ። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ስላላባራ መንገዱ የምር ጨቅይቷል። እናቴና እኔ ተያየንና ተከተልነው። እትዬ አሰገደች አጥሯን ተደግፋ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ የገባውን አባቴን አየችው።

«ማርቆስ፣ ጭቃው ደረቀ እንዴ?»

«ደረቀ፣ እትዬ» አላት፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ።