ጋሽ ተክሉ ሲሳደብ ገመድ እንስብ ነበር

በዚያ ጠዋት ጉድጓዱ ዘንድ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛው ጋሽ ተክሉ ነው፤ የቡድናችን ኃላፊ፣ በሰፈራው ጊዜ ልጅ ሆኖ ከወሎ የመጣ፣ ዕድሜው ሃምሳ የተጠጋ ሰው። ሁለተኛው ሙላት ነው፤ ቧንቧውን ቆንጥጦ የሚይዘውን ብረት የሚከፍትና የሚዘጋ። ደሳለኝ፣ አልአሚንና እኔ ገመድ ሳቢዎች ነን። ስድስተኛዋ ፋጡማ ናት፤ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ አባል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው። እስከ ዛሬ፣ ገበያ መሃልም ቢሆን፣ ሰው ጮክ ብሎ ሲሳደብ ስሰማ እጄ ገመድ እንደያዘ ሰው ይጨበጣል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሥራችን የእጅ ፓምፕ መጠገን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ እያየሁና ያገኘሁትን መመሪያ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ፓምፕ ከታች ሲበላሽ ቧንቧው በሙሉ ከጉድጓድ መውጣት አለበት። አንዱ ቧንቧ ሦስት ሜትር ነው፤ የዚያ መንደር ጉድጓድ አሥራ አንድ ነበረው። ባለ ሦስት እግር ብረት ጉድጓዱ ላይ ይቆማል፤ ገመዱ ጫፉ ላይ ባለው ካሩኮላ በሚሉት መዘውር ያልፋል። ሦስታችን ገመዱን ትከሻችን ላይ አድርገን፣ ጀርባችንን ለጉድጓዱ ሰጥተን ወደፊት እንራመዳለን። ከኋላችን የሚሆነውን አናይም። የሚመራን የጋሽ ተክሉ ድምፅ ብቻ ነው።

ጋሽ ተክሉ ደግሞ «ሳቡ» ብሎ አያውቅም። የሙላት እጅ ከብረቱ መራቁን ያይና የእናት ስድብ ይሳደባል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ። በአንድ ስድብ አንድ ክንድ እንስባለን። ዝም ሲል እንቆማለን። በክፋት አልነበረም። ብሎን ሲወድቅበትም፣ ሻይ ሲጥመውም የሚለው ያንኑ ነው።

አልአሚን ከዚያ ጠዋት ሦስት ሳምንት በፊት ነው የመጣው። የኩርሙክ ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስድቡን ሲሰማ ገመዱን ለቆ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ ምን አደረገ?» አለኝ። «እናቴ እዚህ የለም። ለምን ይሳደባል?»

ደሳለኝ ሳቀበት። «የእኔንም እናት በቀን መቶ ጊዜ ያነሳታል። ይኸው ደህና ናት!»

እኔ ብዙ አልናገርም። የዚያን ቀን ግን ተናገርኩ። «አልአሚን፣ ስድብ አይደለም። ስትሰማው ጎትት ማለት ነው። ሌላ ነገር አታስብ።»

«ስድብ አይደለም?»

«አይደለም።»

አመነኝ። በሳምንቱ ከሦስታችን ቀድሞ የሚራመደው እሱ ሆነ።

በዚያ ጠዋት ስድስት ቧንቧ አውጥተን ሰባተኛው ላይ ነበርን። ገመዱ ተወጥሯል፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ፋጡማ ከኋላችን «ዛሬ ውሃ አለ ወይስ ወደ ወንዝ እንሂድ?» ብላ ጋሽ ተክሉን ጠየቀችው። እሱም ወደ እሷ ዞሮ መመለስ ጀመረ። በዚህ መሃል ቧንቧውና መያዣው ብረት መካከል ጠጠር ገባ። ሙላት በኋላ እንደነገረን፣ ጋሽ ተክሉ የእሱ እጅ መራቁን ሳያይ ድምፅ እንደማያሰማ ስለሚያውቅ ጠጠሩን ሊያወጣ ሁለት ጣቶቹን አስገባ።

ጋሽ ተክሉ ፊቱን ሲመልስ የሙላትን ጣቶች አየ። ደነገጠ። ደንግጦ ከአፉ የወጣው ያው ስድብ ነው።

ሳብን።

የሙላትን ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ተክሉ ስድቡን ደገመው፤ ድምፁ የልቅሶ ነበር። የድምፁን መለወጥ ሰምቻለሁ፤ ይህን አልክድም። እግሬ ግን ተራመደ። ሁለተኛውን ክንድ ሳብን። ፋጡማ ሮጣ ከፊታችን መጣችና ሁለት እጇን አልአሚን ደረት ላይ አድርጋ በበርታ ቋንቋ ጮኸችበት። እሱ ቆመ፤ እኛም ቆምን። ገመዱን መልቀቅ አይቻልም፤ ቀስ እያልን ወደ ኋላ መለስን።

ሙላትን በባጃጅ ወደ ከተማ ወሰድነው። ቧንቧው ሲነሳ ከብረቱ ጋር ያጣበቀው የመሃል ጣቱ ከመጀመሪያው አንጓ ተቆረጠ። የቀለበት ጣቱ ዛሬም አይታጠፍም።

በማግስቱ አልአሚን ዕቃ ስንጭን አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ስድብ ነው» አለኝ። «አንተ አይደለም አልክ። የመጀመሪያው ቀን እኔ ነበርኩ ልክ።»

ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቻችን ነገሩ በተነሳ ቁጥር ይከራከራሉ። «ከባድ ሥራ ያለ ስድብ አይገፋም» የሚል አለ። «በዚህ ዕድሜው ሌላ አፍ ከየት ያምጣ?» የሚልም አለ። ጋሽ ተክሉ ግን እየሞከረ ነው። አሁን «ሳቡ» ይላል። መፍቻ ሲያመልጠው ቃሉ ከንፈሩ ላይ ይደርስና በመዳፉ አፉን ይይዛል። አንዳንድ ቀን ይቀድመዋል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ባለንበት ደርቀን እንቀራለን። ሙላት «እናቴ ያን ሁሉ ዘመን ተሰድባ አንድ ጣት ብቻ አስከፈለች» ብሎ ይቀልዳል። የሚስቅለት የለም።

እኔ አዋቂ ሰው ስድብን መተው አለበት እላለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ግን አልልም። በሕይወቴ ሰው ሰድቤ አላውቅም፤ ሆኖም ለአዲሱ ሰው ስድብ አይደለም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር እስካሁን አልጠራልኝም። ጋሽ ተክሉ ከስድቡ በፊት «እጅህን!» ብያለሁ ይላል። ሙላት አላስታውስም ይላል። እኔ አልሰማሁም። ብሎ ከሆነ፣ ጆሯችን ከስድብ በቀር ሌላ መስማት ትቶ ነበር ማለት ነው። ደሳለኝ፣ ወደ ካማሺ ተዛውረሃልና ይህ ከደረሰህ የሰማኸውን ጻፍ። አልአሚን፣ ከእኔ የተለየ ቢሆንም ተናገር። እህቴ ፋጡማ፣ የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ አንቺም ጨምሪበት። ያን ጊዜ የጋሽ ተክሉን ፊት ታዪ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።