የጀልባው ቤንዚን

በደብረ ማርቆስ ጎዳና ላይ የባጃጅ ነጂዎች ከላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ሲገለብጡ፣ ሽታው አፍንጫዬን በነካው ቁጥር አስፋልቱ ከፊቴ ይጠፋና የደፈረሰው ዓባይ ይታየኛል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። አጎቴ ከደብረ ኤልያስ ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ በሞተር ጀልባ ሰው ያሻግር ስለነበር፣ ያን ክረምት ከእርሱ ዘንድ ከረምሁ። ታላቅ እህቴ ከወንዙ ማዶ ተድራ ትኖር ነበር። አንድ ማለዳ አማቷ ከማዶ ነጠላዋን እያውለበለበች ጮኸች። እህቴ ምጥ ጸንቶባት አድራለች፤ ሆስፒታል የሚያደርሳት መኪና የሚገኘው ደግሞ በእኛ በኩል ነው።

አጎቴ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ነበረው። አንዱ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የሚቀላቀልበት የሞተር ዘይት አልቆ ነበር፤ ያለ ዘይት ደግሞ ያ ሞተር ይነድዳል። ሁለተኛው አንድ ነጋዴ ዘይቱን ቀላቅሎ የሸጠለት ነው። አጎቴ ቤንዚን ሲገዛ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እፍ ይልበታል፤ ጥሩው እጅ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ላምባ የገባበት ቅባቱ ይቀራል። ያን ዕለት ሁለተኛውን ሲሞክር መዳፉ ወዛ።

«ዘይት ስላለበት ነው» አለ፤ ጀሪካኑንም ጫነ።

በታንከሩ የቀረው ነዳጅ ማዶ አደረሰን። እህቴን አስተኝተን አጎቴ የጀሪካኑን ቤንዚን ሲሞላ፣ አማቷ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሞተርህ እንደ መነኩሴ ምግብ ይመርጣል? ያገኘኸውን አጠጣውና እንሂድ!»

«ምን ላድርግ እመቤቴ፣ እንደ አማት ነገር ያበዛል።»

እህቴ በምጧ መካከል ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ወንዙ መካከል ስንደርስ ሞተሩ፣ ብረት በብረት እንደሚቀጠቀጥ፣ ያንኳኳ ጀመር፤ ጭስ ተፍቶም ዝም አለ። ኋላ በመጽሐፍ ኦክቴን ስለሚባለው የቤንዚን ጥራት መለኪያ ሳነብ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጊዜውን ሳይጠብቅ በሞተሩ ውስጥ እንደሚፈነዳ ተረዳሁ። አጎቴ የማስነሻውን ገመድ መዳፉ እስኪደማ ሳበ። እኔ ቀዘፍሁ። ጎርፉ ግን በእኛው በኩል መኪናው ከሚጠብቅበት ዳርቻ አርቆ፣ መንገድ ከሌለው ገደል ሥር ጣለን።

እንጨት ቆርጠን ቃሬዛ አበጀን። ዳገቱ ጭቃ ነበር፤ አንድ እርምጃ ስንወጣ መልሰን እንንሸራተት ነበር። ደሙ ጋቢውን ዘልቆ በእጄ ላይ ሲወርድ ይሞቀኝ ነበር።

«አያ፣ ደረስን?» አለች እህቴ።

«ደርሰናል፣ የኔ ዓለም። መኪናው ይኸው» አላት አጎቴ። ከፊታችን ግን ቁጥቋጦና ጉም ብቻ ነበር።

ሌላ አልጠየቀችም፤ በእጄ ላይ ያለው ደምም ቀዘቀዘ። ልጇም ከማኅፀኗ ሳይወጣ ቀረ።

መንገዱ ላይ ስንደርስ ይጠብቀን የነበረው ሾፌር ፈጥኖ በሩን ከፈተ፤ ሞተሩንም አስነሣ። አማቷ የእህቴን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ጭቃውን ከፀጉሯ ላይ በጣቷ ትለቅም ነበር። ሾፌሩ ሊያከንፈን ማርሽ ሲያስገባ፣ አጎቴ ትከሻውን ያዘው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለው፤ «እንዳትንገላታ።»