አንዴ ጮኾ ዝም የሚል ስልክ

ዓርብ ጠዋት ከምኖርበት ከአልትሽቴተን በባቡር ወደ ጄኔቭ ተነሳሁ። ያስነሳችኝ አንዲት ሲም ካርድ ናት። በፖስታ መላክ ይቻል ነበር፤ ግን አልደፈርኩም። ጄኔቭ የሚኖሩት ወዳጄ እትዬ ዘነበች ከሆቴል ልብስ አጣቢነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የስልክ ሒሳቡ ስለከበዳቸው፣ እኔ የምጠቀምበትን ርካሽ አገልግሎት ሊሞክሩ ፈቅደዋል። ሲፈቅዱም አስጠንቅቀውኛል፦ "የአስካለ ጥሪ አንድ ቀን ቢቀር፣ ሮማን፣ ካንቺ ጋር ተቀያየምን።"

ወይዘሮ አስካለ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን የሚኖሩ ታናሽ እህታቸው ናቸው። በየማለዳው ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ለእትዬ ዘነበች ሚስኮል ያደርጋሉ። አንዴ ከጮኸ "ደህና አድሬያለሁ" ነው፤ ሁለቴ ከጮኸ "ደውይልኝ"። ስልኩ አይነሳም። ተነስቶም አያውቅም።

ባቡር ላይ

ባቡር ላይ የሚሸጠው ሻይ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ በፔርሙዝ ይዤ ነበር። አገልግሎቱን ለማያውቅ ላስረዳ። ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ነው። ደንበኛው ከፈቀደ ስልኩ በሄደበት ሁሉ ኔትወርኩ የት እንደሚጠነክር፣ የት እንደሚደክም ለኩባንያው ይናገራል፤ ኩባንያው ደግሞ በክሪፕቶ ሳንቲም፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ባለ ገንዘብ፣ ይሸልማል። የሳንቲሙ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ማንንም ሀብታም አያደርግም። እኔ ፊደል ቆጥሬ ክፍል የገባሁት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ያላነበብኩት ነገር ላይ አልፈርምም፤ ይህንንም ውል ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ውሉ ያልነገረኝ ኩባንያው ስልኬ ላይ የሚያሳየኝን ካርታ ነው። ስልኬ ያለፈበት መንገድ ሁሉ ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል።

ሎዛን ከመድረሳችን በፊት ባቡሩ ዋሻ ገባ፤ ካርታው ላይ መስመሬ ተቋረጠ። ስንወጣ የጄኔቭ ሐይቅ ከመስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ጠበቀን፤ ማዶው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ወዲህ የወይን እርከን፣ እርከኑም ቁልቁል ወርዶ ውሃ የሚገባ ይመስላል። መጽሐፌን ዘጋሁ። ፊት ለፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳቸውም ወደ ውጭ አዩ።

ጄኔቭ

እትዬ ዘነበች የጾም ምስር ሠርተው፣ ከሠፈራቸው ቡላንዥሪ ዳቦ ገዝተው ጠበቁኝ። እየበላን ስለ ሽልማቱ ነገርኳቸው።

"ታዲያ የት እንደምውል ያውቃሉ ማለት ነው?"

"ከፈቀዱ ነው፣ እትዬ። ስልኩ ላይ ይቺን ቁልፍ ካጠፏት አያውቁም። ሽልማቱም ይቀራል።"

"በኛ ጊዜ ይሄን ቀበሌ በነጻ ነበር የሚሠራው! እነዚህስ እንኳ ይከፍላሉ።" ሳቁ። ከዚያ "አጥፊልኝ፤ የሒሳቡ መቀነስ ይበቃኛል" አሉ።

አጠፋሁት። ቁጥራቸው ሳይቀየር ወደ አዲሱ ሲም እንዲዛወር አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ ሲነጋ ይሠራል ተብለናል።

ቅዳሜ ማለዳ

ሲነጋ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። እትዬ ዘነበች ማየቱ ጭንቅ ሆነባቸውና እቃ ላጥብ ብለው ኩሽና ገቡ። ጮኸ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ድምፁም በደንብ ይሰማ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ፣ ሳላስብ አነሳሁት።

"ሃሎ?"

"ማን ልበል?" አለኝ የሴት ድምፅ።

"ሮማን እባላለሁ፤ የእትዬ ዘነበች..."

"እታለምስ? እታለም ምን ሆነች? ወይኔ እህቴን!"

እትዬ ዘነበች እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ሮጠው መጥተው ስልኩን ነጠቁኝ። "አለሁ! አስካልዬ፣ አለሁ!" መስመሩ ግን ተቋርጧል። ስላነሳሁት የወይዘሮ አስካለ ሒሳብ አልቋል።

"ሰማችኝ?" አሉኝ። አላወቅሁም። አንዲት ብቸኛ ሴት ደብረ ብርሃን ላይ እህቴ ሞተች ብለው እየጮኹ ይሆናል፤ ያስጮኽኳቸውም እኔ ነኝ። አዲሱ ሲም ላይ የውጭ አገር ጥሪ ገና አልተሞላም። ያጠራቀምኩትን ሳንቲም ሁሉ በስልኬ ወደ ውጭ አገር ጥሪ ደቂቃ ቀየርኩና ስፒከሩን ከፍቼ ደወልኩ። ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው ልቅሶ ነው።

"አንቺ ሞኝ፣ ብሞት ስልክ አነሳለሁ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ያነሳሽው አንቺ አይደለሽማ!"

ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለወደቀው አጥር፣ ስለ ጎረቤት ላም ወሬ ተጀመረ። እኔ በረንዳ ወጣሁ። ከአልትሽቴተን የትራም ዴፖ እስከ ቪዲኮን ቤተ መጻሕፍት፣ በዝናብም በበረዶም በእግሬ እየሄድኩ ሳንቲም ያጠራቀምኩበት መንገድ ነው አሁን ደብረ ብርሃን ደርሶ ወሬ የሆነው። ይህን የሚያህል ነገር በአየር ላይ ሲያልፍ ሰማዩ ላይ ምልክት እንኳ አልነበረም። ቀና ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ስሰናበት እትዬ ዘነበች ደረጃው ድረስ ሸኙኝ። "ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊልኝ። አይዞሽ፣ እኔ እንዳንቺ አላነሳም።"

ቤቴ

አልትሽቴተን ስገባ ካርታው ላይ መስመሬ ጄኔቭ ደርሶ ተመልሷል፤ ዋሻዎቹ ጋ ብቻ ይቆራረጣል። ሽልማቱም ከዜሮ ጀምሯል። ውል እስከ መጨረሻው ማንበብ እችላለሁ፤ እነዚያ እህትማማቾች የተዋዋሉት ግን የትም አልተጻፈም፣ ከመስማት በቀር ማንበቢያ የለውም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ጄኔቭ ደወልኩ። አንዴ ሲጮኽ ዘጋሁት። ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ። ላነሳው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ሰበሰብኩት።

አንዴ ጮኾ ዝም አለ።