ሠላሳ ከረጢት ከአንድ ቁጥቋጦ

አባቴ ጎንደር ሳለ ቅጠል በጥሶ ሕመም የሚያስታግሥ ሰው ነበር። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኺ ከመጣን በኋላ እስከ ጡረታው ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ ኖረ፤ የሚያውቀውን የጠየቀው አልነበረም። ስለዚህ ገዴራ የምትኖር አንዲት የዕፅዋት ተመራማሪ ቅጠል የሚለቅምላት አዋቂ ስትፈልግ፣ የሰንበት ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ኔጌቭ በረሃ፣ በደረቅ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ለሆድ ሕመም የምትሆን፣ አሪቲ የምትመስል አመድማ ቁጥቋጦ አለች። ከየሸለቆው ከሠላሳ ቁጥቋጦ ቅጠል ተለቅሞ የእያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት እንዲገባ ታዘዘ። ተመራማሪዋ ቁጥቋጦዎቹ በዘር ምን ያህል እንደሚለያዩ ልታይ ፈልጋለች።

እኔ ያኔ ያቭነ ከተማ እየኖርኩ በጋዜጠኝነት እሠራ ነበር፤ በዕረፍት ቀኔ በመኪና አደርሰዋለሁ። ያ መንገድ አሁንም ይናፍቀኛል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ የሚያልፈውን ቅጠል ሁሉ በስሙ ይጠራ ነበር። ሸለቆው ስንደርስ እሱ ይወርዳል፣ እኔ መኪና ውስጥ ዜና አዳምጣለሁ።

ከመጀመሪያው ሸለቆ በኋላ ተመራማሪዋ ደወለችልኝ።

«የዘር ምርመራው ሠላሳው ከረጢት አንድ ተክል ነው ይላል። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ ቀላቅላው ይሆናል፤ ተቆጥቻታለሁ።»

አባቴን ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከጓደኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ቅጠሉን ከስንት ቁጥቋጦ ነው የለቀምከው?»

«ከአንዷ ነዋ! ቀምሼ፣ መራራዋን መርጬ። ከሁለት ግንድ የተቀነጠሰ ቅጠል ሆድ ውስጥ ይጣላል።»

«ከሠላሳ ተብለህ ነበር እኮ።»

«ሠላሳ ከረጢት አልሞላሁም?»

«ሞልተሃል።»

«ታዲያ!»

ጓደኛው ሳቀ። «ጋዜጠኛው አባቱን መመርመር ጀመረ!»

የላብራቶሪዋን ልጅ ያለ ጥፋቷ እንደተቆጧት ስነግራቸው ሳቁ ቆመ።

«እውነቱን ብነግራት ታባርረኛለች?» አለኝ አባቴ።

«ልታባርርህ ትችላለች» አልኩት።

ባርኔጣውን በእጁ ጥቂት አዟዟረ። እዚህ አገር በሚያውቀው ነገር የተከፈለው በዚህ ሥራ ብቻ ነበር።

«ያላ፣ ተነሣ» አለ።

ገዴራ ስንደርስ እንዳስተረጉም አልፈቀደም። በራሱ ስብርባሪ ዕብራይስጥ ተናገረ፤ በመጀመሪያ ልጅቱ እንድትጠራ ጠይቆ ይቅርታ አላት። ተመራማሪዋ ግንባሯን ይዛ ቆየችና ሳይለቅም የተዋቸው ቁጥቋጦዎች ምን ምን እንደሚመስሉ ጠየቀችው። ከነቦታቸው ነገራት፦ መታጠፊያው ላይ ያለችው አጭሯ መጀመሪያ መራራ ነች፣ ኋላ ትጣፍጣለች፤ ከድንጋዩ በላይ ያለችው ሽታ ብቻ ነው ያላት፣ ጣዕም የላትም። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ብዕሩን አስቀመጠች።

«ተመልሰህ ትሄዳለህ» አለችው። «ሳትመርጥ።»

«ቤሰደር» ብሎ እሺ አላት። መኪና ውስጥ ግን «ሳይመርጡ መልቀም! የከብት ሥራ ነው» ብሎ አጉረመረመ።

በዚያኛው ጉዞ እኔም ወረድኩ፤ ከረጢቱን ያዝኩለት። የጠወለገውን፣ ትል የበላውን፣ ሁሉንም በየተራ ቀነጠሰ። «ይህችማ ለምንም አትሆን» ይላል፤ ይቀነጥሳል። ፍየል የጋጣት አንዲት ድንክ ቁጥቋጦ አጠገብ ደርሶ ቆመ። መምረጥ እንጂ መቅመስ አልተከለከለም። አኘከ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አኘከ።

«እንዲህ ዓይነት መራራ ቀምሼ አላውቅም» አለ። «ያን ጊዜ ከዳር ሆኜ አይቻት ነበር ያለፍኳት።»

ከረጢቱን ከእጄ ወሰደና ራሱ አሰረው።