ውሃ ውስጥ የተኛው የየሺ ማሳ

ኅዳር እንደገባ ከብቸና የተነሣሁት ለታናሽ እህቴ ለየሺ ልሟገትላት ነው። የሺ ባሏ የሞተባት፣ ሞጣ አጠገብ የምትኖር ሴት ናት። የመስኖው ግድብ ከፍ ሲደረግ ውሃው ሰፋና ማሳዋን ዋጠው። በምትኩ ትራውት የሚሉትን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚያሰግረው ማኅበር ውስጥ አስገቧት። አባላቱ ሐይቁን በቦታ ከፋፍለው ዕጣ ሲያወጡ ለእሷ የደረሳት ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ሆነ። ዓሣ የሚበዛው እዚያ ነው፤ የራሷም ማሳ የተኛው ከሥሩ ነው። ብዙም ሳይቆይ የዓሣ ባለሙያዋ ቦታውን ዘጋችው። የሺ ደውላ «ሁለተኛ ጊዜ ወሰዱብኝ» አለችኝ። በማግስቱ መናኸሪያ ነበርሁ።

መንገድ

የአውቶቡሱ ረዳት ከታሪፍ በላይ ጠየቀ። ታሪፉ መስታወቱ ላይ መለጠፉን ባሳየው «እርስዎ ያንብቡልኝ» ብሎ አሾፈ። ጮክ ብዬ አነበብሁለት። የሌላውንም ተሳፋሪ ትርፍ እስኪመልስ ከበሩ አልተነቃነቅሁም።

ከደብረ ወርቅ በኋላ ጭጋጉ ሜዳውን ሞላው። የጤፉ ክምር ከነጩ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ጀልባ ይመስላል። ግንደወይን ላይ ሽሮ በልቼ ወደ አውቶቡሱ ስመለስ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ አገሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ የሺ ከታች ሆና ታርማለች። ስነቃ ሞጣ ደርሰናል።

ሐይቁ ላይ

በማለዳ ከየሺና ከባለሙያዋ ከሰላም ጋር በጀልባ ወጣን። ሰላም የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። ውሃው ፀጥ ብሏል። የሺ እጇን ዘርግታ «ይኸውና» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የድንጋዩ እርከን፣ የወይራው ጉቶ፣ ሁሉም በየቦታው አለ፤ ከላያቸው ግን ዓሦች ቀስ ብለው ያልፋሉ።

ከዚያ ወርደን ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ ሄድን። ጥልቀት በሌለው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ አንዲት ዓሣ በጎኗ ተኝታ በጅራቷ ጠጠሩን ትገፋለች። ሰላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎድጓዳ እየሠራች እንደሆነና እንቁላሏን እዚያ እንደምትቀብር ነገረችኝ። «ሁሉም ለመውለድ የሚወጡት በእትዬ የሺ ቦታ አልፈው ነው» አለች። «እዚያ መረብ ከተጣለ የሚወጣ የለም። ለከርሞ የሁሉም መረብ ባዶ ይሆናል።»

ይችን ልጅ ልሰድባት ነበር የመጣሁት። ዓሣዋን ካየሁ በኋላ አፉ ይከፈት ማለት አልቻልሁም። እህቴ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ስብሰባው

ከሰዓት በኋላ አባላቱ ዳርቻው ላይ ተሰበሰቡ። መዘጋቱን እንደምቀበል ስናገር የሺ ፊቷን አዞረችብኝ። «ግን» አልሁ፣ «የተዘጋው ለሁላችሁ ተብሎ ከሆነ ጉዳቱ ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል?»

ሊቀ መንበሩ ሙሉቀን ፈገግ አለ። «ዕጣ ነዋ እናቴ። የደረሰ ደረሰ።»

«ቅርጫ ገብተህ አታውቅም? መጀመሪያ መደቡ ይስተካከላል፤ ዕጣው ከዚያ ነው። ጉበቱን ሁሉ አንድ መደብ ላይ ቆልለህ ዕጣ ታወጣለህ?»

«ጉበቱ ለእትዬ የሺ የደረሳት ቀንማ እልልታዋ ሞጣ ድረስ ተሰምቷል። ያኔ መደቡ ይፍረስ ያለ ሰው አልሰማሁም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ነገሩ ገባኝ። እኔ ራሴ በስልክ እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ። የሺን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች።

«እውነቱን ነው» አልሁ። «ያኔም ልክ አልነበረም። ቦታው ባይዘጋ ኖሮም የአንድ ሰው መሆን አልነበረበትም።»

ሳቁ ቆመ። ውሃው ላይ ያለው ክፍፍል ይፍረስ፣ የተያዘው ዓሣ ዳርቻው ላይ እንደ ቅርጫ ይመደብ አልኋቸው። ሙሉቀን ተኝቶ የሚውለውስ እንዴት ይሁን ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከየሺ መጣ። «ያልሠራ መደብ የለውም። እኔ አፉን እጠብቃለሁ፤ ያም ሥራ ነው።» ብዙ ተከራከሩ፤ አንዱማ ተቆጥቶ ሄዶ ተመለሰ። ሲመሽ ተስማሙ።

በማግስቱ ዓሣው ኮባ ላይ ተመደበ። እያንዳንዱ ለዕጣው ምልክቱን፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል፣ ሰጠ። ለየሺ የደረሰው ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም።

ቤት

ስመለስ ጭጋጉ ተገፎ አገሩ ወለል ብሎ ይታያል። የሄድሁት ለእህቴ ላሸንፍላት ነበር፤ ፍርድ ግን መጀመሪያ ከራሴ ወገን ላይ እንደሚቆርስ ተምሬ ብቸና ገባሁ። የሺ ስንለያይ እንኳ በደንብ አልሳመችኝም።

ጥር ላይ ደወለች። ከጠጠሩ ውስጥ የመርፌ ያህል ዓሦች መውጣታቸውን፣ ወፍ ሊለቅማቸው እንደሚያንዣብብ ነገረችኝ። ከኋላዋ ውሃው ይሰማል።

«የት ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ማሳዬ ላይ» አለች። «ወንጭፌን ይዤ ወፍ እየጠበቅሁ ነው።»